የምንቸት መዝገብ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫና በጅጋ አድርጎ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ማንኩሳን አልፎ ወደ ቡሬ የሚዘልቀውን መንገድ በሰኔ ማለቂያ ወይም በሐምሌ መባቻ የተጓዘ ሰው ሁለት ነገር ሳያይ አያልፍም። አንደኛው የሀገሩ ልምላሜ ነው። በቆሎው ጉልበት ደርሷል፤ ለጤፍ የሚዘጋጀው ማሳ ተደጋግሞ ታርሶ ልሟል፤ በስተ ቀኝ በኩል የጮቄ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ቆሟል። ሁለተኛው ከየድልድዩ ሥር የሚታየው ነው። ተምጫም ይሁን ብር፣ ላህም ይሁን በካርታ ላይ ስም ያልወጣለት ጅረት፣ የሚወርደው ውሃ መልኩ የማሳው መልክ ነው። መንገደኛው ልምላሜውን አይቶ «ጎጃም ምን ጎደለበት!» ይላል፤ ስለ ውሃው ግን ምንም አይልም። ወንዝ በክረምት መደፍረሱ እንደ ሌሊት መጨለም የማይጠየቅ ነገር ሆኖ ኖሯል።

የኪነ ጥበብ ሰው ይህን ሀገር አስቀድሞ የሚያውቀው ከመጽሐፍ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው ከማንኩሳ ነውና፣ ማንኩሳ ለብዙ አንባቢ ከአንድ የመንገድ ዳር ከተማነት ይልቅ የበዛብህ የትውልድ ቦታ ናት። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ግን የሀገሩ ሰው ያላነበበው ሌላ መጽሐፍ አለ። ባላባትና ጭሰኛ፣ መምህርና ደቀ መዝሙር የሉበትም፤ ያሉት ዝናብ፣ አፈርና ወንዝ ናቸው። ደራሲዎቹም ስማቸው በሽፋን ላይ ያልወጣ የመንደር ሰዎች ናቸው። ይህ መጽሐፍ በአንጀኒ የምርምር ጣቢያ የተጻፈው የዝናብ፣ የጎርፍና የአፈር መዝገብ ነው። (የጣቢያው ሰነዶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተያዙ ስለ ሆኑ፣ ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተባለላቸው ዓመታት በዚያው አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።)

የአንጀኒ ታሪክ ሥሩ በጎጃም አይደለም፤ በወሎ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሀቡ የወሎን ገበሬ ከፈጀ በኋላ የተራቆተው ተራራ የመንግሥትም የለጋሽ ድርጅቶችም መነጋገሪያ ሆነ። ገበሬው በቀን ሥራው ስንዴና ዘይት እየተሰፈረለት በየተራራው ወገብ ላይ እርከን ይሠራ ጀመር። ሥራው ትልቅ ነበር፤ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከማሳው በዓመት የሚሄደው አፈር ስንት ነው? እርከኑስ ከሚሄደው ስንቱን ያስቀራል? ይህን በቁጥር የሚመልስ አልነበረም። በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንድ የሚገኘው የበርን ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ክፍል አንድ ላይ ሆነው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የሚባለውን ሥራ ያቋቋሙት ለዚህ ነበር። ሥራውን የመሩት ቀደም ሲል በሰሜን ተራሮች ጥናት ያካሄዱት ሐንስ ሁርኒ ናቸው። የመጀመሪያው ጣቢያ በወሎ ማይባር ላይ ተከፈተ፤ ከዚያም በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በሲዳሞ ጉኑኖ፣ በኤርትራ አፍደዩ፣ ዘግይቶም በኢሉባቦር ዲዚ ተከተሉ። ለጎጃም ተራው የደረሰው በ1984 ነው።

ዓመቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሰሜኑ በረሀብ ይረግፍ ነበር፤ ጎጃም ግን እህል የሚተርፈው ክፍለ ሀገር ነበር። በወሎ የሚለካው ከብዙ ጥፋት በኋላ የተረፈው ነው፤ በጎጃም የሚለካው ገና እየሄደ ያለው ነው። ጎተራው ሙሉ ለሆነ ሰው «አፈርህ እያለቀ ነው» ማለት ሰሚ የማያገኝ ነገር ነው፤ ጣቢያው በጥጋብ ሀገር መተከሉ ብልኅነቱ እዚህ ላይ ነው።

አንጀኒ ከደምበጫ ወደ ሰሜን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጮቄ ግርጌ የሚገኝ የገጠር ሥፍራ ነው። የሚጠናው ተፋሰስ 113 ሄክታር ገደማ ስፋት ሲኖረው፣ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 እስከ 2,500 ሜትር ነው። በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ያገኛል፤ አብዛኛው የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ከዚህች ትንሽ መሬት ላይ የሚወርደውን ውሃ ሰብስባ የምትሄደው ጅረት ምንቸት ትባላለች። ውሃዋም እንደ ጎረቤቶቿ ሁሉ መጨረሻው አባይ ነው።

የአለካኩ ሥርዓት ሲያዩት ቀላል ነው። በተዳፋቱ ላይ 2 ሜትር በ15 ሜትር፣ እንዲሁም 6 ሜትር በ30 ሜትር የሆኑ ቁራጭ ማሳዎች ዙሪያቸው ታጥሮ ተከልለዋል። ከላይ ጎርፍ አይገባባቸውም፤ ከውስጣቸው የሚወጣው ውሃና አፈር ደግሞ በግርጌያቸው በተቀበረ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይወርዳል። ዝናብ በዘነበ ማግሥት ማጠራቀሚያው ይከፈታል፤ ውሃው ይለካል፤ አፈሩ ይመዘናል። ይህ የማሳው ሒሳብ ነው። የወንዙ ሒሳብ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ወንዝ ማግሥትን አይጠብቅምና። ዝናቡ ሲበረታና ምንቸት መደፍረስ ስትጀምር የጣቢያው ሠራተኛ ከወንዙ ዳር መገኘት አለበት። የውሃውን ከፍታ ያነባል፤ በየ10 ደቂቃው 1 ሊትር ውሃ በጠርሙስ ይቀዳል፤ ሰዓቱን ይጽፋል። ወንዙ እስኪጠራ ድረስ ይህንኑ ይደጋግማል። ከዚያ በኋላ የተቀዳው ውሃ ይጠለላል፤ ደለሉ ይደርቃል፤ ይመዘናል።

እንግዲህ ይህን ሥራ በቢሮ ሆኖ ማሰብና ቦታው ላይ ሆኖ መሥራት አንድ አይደሉም። የክረምት ዝናብ በመንግሥት የሥራ ሰዓት አይመጣም። ሠራተኛው ከዚያው ከመንደሩ የተቀጠረ ሰው ነው፤ እንደ ጎረቤቶቹ የራሱ ማሳ፣ የራሱ በሬ፣ በዝናብ የምታፈስ የራሱ ጣሪያ አለው። መብረቁ ሲበርቅና ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲሮጥ እሱ ወደ ወንዙ ይሮጣል። በየ10 ደቂቃው ከሚቀዳቸው ጠርሙሶች አንዱን ቢዘል ማንም አያየውም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ከትናንቱ ጋር የሚመሳሰል ቁጥር ቢጽፍ የሚከስሰው ምስክር የለም። በበርን፣ በኢታካ፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ የተጻፈው ሁሉ፣ የዶክትሬቱም የማስተርሱም ማዕረግ፣ የቆመው ይህ ሰው በሌሊት ለራሱ በታመነው እምነት ላይ ነው። ተውኔት ጸሐፊዎቻችን ስለ ገበሬ በጻፉ ቁጥር ማረሻውን ያነሣሉ፤ ጠርሙሱንና የእጅ ባትሪውን ይዞ በጨለማ የሚቆመውን ገበሬ ግን እምብዛም አላዩትም።

መዝገቡ ከሌሎቹ ጣቢያዎች መዛግብት ጋር ተደምሮ ሲሰላ የወጣውን ቁጥር ሁርኒ በ1993 አሳትመውታል። በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት ላይ በአማካይ በዓመት ከ1 ሄክታር 42 ቶን አፈር ይሄዳል። ይህ ቁጥር በየስብሰባው ከመጠራቱ የተነሣ ትርጉሙ ደብዝዟል፤ ስለዚህ በጣት ቢለካ ይሻላል። በ1 ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር 12 ቶን ያህል ይመዝናል። 42 ቶን ማለት እንግዲህ በዓመት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ገበሬ አይቶ የሚደነግጥበት ነገር አይደለም። አንድ ልጅ ተወልዶ ሞፈር እስኪጨብጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ከአባቱ ማሳ ላይ የአራት ጣት ውፍረት ያለው አፈር ተነሥቷል። አባትዬው ለልጁ ያወረሰው መሬት በስፋቱ ያው ነው፤ በጥልቀቱ ያው አይደለም።

ሌላው ምስክር ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። የአንጀኒንና የአካባቢውን መሬት ለበርን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸው የመረጡት ገቴ ዘለቀ፣ ከሁርኒ ጋር በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ የደምበጫን አካባቢ የ1957፣ የ1982 እና የ1995 መልክ አነጻጽረዋል። በ1957 ከመሬቱ ከመቶ 27 እጁ የተፈጥሮ ደን ነበር። በ1982 ከመቶ 2 እጅ ሆነ። በ1995 የቀረው ከመቶ 0.3 ነው። የጠፋው ደን 7,259 ሄክታር ነው። የሚታረሰው መሬት በአንጻሩ ከመቶ 39 ወደ 70፣ ከዚያም ወደ 77 አደገ፤ ከ1982 በኋላ ጭማሪው የቀነሰው ገበሬው ስለ ታቀበ ሳይሆን የሚታረስ መሬት ስላለቀ ነው። ማረሻው በሬ መቆም እስኪያቅተው ድረስ ቀጥ ወዳለው ተዳፋት ወጥቷል።

ጥፋቱን ለአንድ ሥርዓት ብቻ ለመስጠት የሚሻ ሰው እነዚህ ቁጥሮች አይረዱትም። ደኑ በብዛት ያለቀበት የ25 ዓመት ዘመን ባላባቱንም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውን የመሬት አዋጅም በአንድነት የያዘ ነው። ጭሰኛውም መነጠረ፤ መሬት የተሰጠውም መነጠረ። ሁለቱም የመነጠሩት ልጆቻቸውን ለማብላት ነበር። «ገበሬው አላዋቂ ስለ ሆነ ደን ያጠፋል» የሚለው የቢሮ አነጋገር የማይረባው ለዚህ ነው። ዛሬ በዚያ ሀገር ዛፍ ተሰብስቦ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ባሕር ዛፍ ነው።

ገበሬው የመሬቱን ሕመም ማንም ሳይነግረው እንደሚያውቅ ማስረጃው ግብጦ ነው። በምዕራብ ጎጃምና በአገው ምድር መሬት ሲደክምና ጤፍም ገብስም እምቢ ሲል ገበሬው ግብጦ ይዘራበታል። ግብጦ ብዙ እርሻ አይጠይቅም፤ እንደ ሌሎቹ ጥራጥሬዎች ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ ለመሬቱ ይመልሳል። ገበሬው ስለ ናይትሮጅን አልተማረም፤ ከግብጦ በኋላ የተዘራው እህል እንደሚያምር ግን አይቷል። ፍሬው መራራ በመሆኑ ይቆላና በጆንያ ታስሮ ለቀናት በወራጅ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ መራራው ታጥቦ ሲሄድ ይበላል። አንድ ጅረት እንግዲህ የጆንያውን መራራና የማሳውን አፈር ባንድነት ይዞ ይወርዳል።

በ1986 መጀመሪያ ላይ የአንጀኒ ተፋሰስ በሙሉ በእርከን ተሸፈነ። የእርከኑ ዓይነት ከኬንያ የመጣ ሲሆን ስሙም የስዋሂሊ ቃል ነው፤ ፋኛ ጁ ይባላል። ወደ ላይ መወርወር እንደ ማለት ነው። ቦዩ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው ወገን ይጣላል፤ በዚያ ላይ ከማሳው የሚመጣው ደለል እየተጠራቀመ ተዳፋቱ በዓመታት ውስጥ ደረጃ እየሠራ ይሄዳል። በወረቀት ላይ ሁሉ ነገር ያማረ ነበር። የማሳው ባለቤት ግን አጉረመረመ። እርከኑ ከጠባብ ማሳው ላይ መሬት ወሰደበት፤ በሬዎቹን ማዞሪያ አሳጣው፤ ዝናብ በበዛበት ሀገር ደግሞ ከእርከኑ በላይ ውሃ እየቋጠረ እህሉን አኮሰሰበት፤ አይጥም መደበቂያ አገኘች። የዚያን ጊዜ የነበረ የግብርና ካድሬ ይህን ሲሰማ በሪፖርቱ ላይ «የአመለካከት ችግር» ብሎ ይጽፈው ነበር።

መዝገቡ ሲከፈት ግን ገበሬውን መሰከረለት። ካርል ሄርዌግና ኤቫ ሉዲ የጣቢያዎቹን ውጤት መርምረው በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ እርከኑ የሚሄደውን አፈር በእርግጥ በብዙ እንደ ቀነሰው፣ ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱን እንዳላሳደገው አሳዩ። ምክንያቶቹም መሬት መባከኑና ውሃ መቋጠሩ፣ ማለትም የማሳው ባለቤት ሲናገራቸው የነበሩት ነገሮች ናቸው። ዘመቻው «እርከን ሥራ፤ ምርትህ ያድጋል» ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። እውነቱ «እርከን ሥራ፤ ልጅህ የሚያርሰው ነገር ያገኛል» የሚል ነበር። ሁለቱ አባባሎች አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው እውነት ቢሆንም ዘንድሮ የሚበላ ነገር አይሰጥም። አንድ ደሃ ገበሬ ለልጁ ዘመን ሲል ዛሬ ከሚጎድልበት እህል ላይ እንዲያዋጣ ሲጠየቅ ጉድለቱን የሚሸፍንለት ማን እንደ ሆነ አብሮ መነገር ነበረበት። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬም በደንብ አልተመለሰም።

ያም ሆኖ የአንጀኒ እርከን ቆመ። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ የሀገሪቱ ክፍል በዘመቻ የተሠራ እርከን በአንድ ክረምት ሲናድ ይህ አልተናደም፤ ተዳፋቱ በእርግጥ ደረጃ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ ማሳ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል፤ መሬቱ ነገ የማን እንደሚሆን የማያውቅ ሰው የዛሬን እርከን ለምን እንደማይጠግን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለገበሬው መሰጠት የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው።

የመዝገቡ ሁለተኛ ሕይወት የጀመረው በባሕር ዳር ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በኢታካ ከሚገኘው ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከ2007 ጀምሮ በተቀናጀ የተፋሰስ አያያዝና በሃይድሮሎጂ የማስተርስ ትምህርት ከፈተ። የኮርኔሉ ታሞ ስቴንሁይስና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነሱም ጋር እንደ ሰይፉ ጥላሁን ያሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች፣ የአንጀኒን፣ የአንዲት ጥድንና የማይባርን የዓመታት ቁጥር እንደ ገና አነበቡት። ያገኙት ነገር ከመማሪያ መጻሕፍቱ ጋር የማይስማማ ነበር። በአሜሪካ ማሳዎች ላይ ተለክቶ በየሀገሩ የተሠራጨው ስሌት፣ ጎርፍ የሚነሣው ዝናቡ መሬቱ ሊጠጣው ከሚችለው በላይ ሲፈጥን ነው ብሎ ያምናል። በእነዚህ ተፋሰሶች ግን አብዛኛው ተዳፋት የሚወርድበትን ዝናብ የመጠጣት አቅም አለው። ጎርፉ የሚነሣው ወይ አፈሩ አልቆ ጠጣሩ ከቀረበት የተራቆተ ቦታ ነው፤ ወይም ደግሞ ውሃ ጠግቦ ሌላ ጠብታ ከማይቀበለው ከታችኛው ረግረግ ነው። በ2008 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ ከትነት የተረፈው ዝናብ ድምሩ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪደርስ መሬቱ ይጠጣል፤ ከዚያ ወዲያ ከሚዘንበው ግማሽ ያህሉ ወደ ወንዝ ይሄዳል።

ይህን ነገር አንድ የጎጃም ሽማግሌ ቢሰማ «ታዲያ ይኸ አዲስ ነገር ነው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። መሬት እንደ ሰው ጠጥቶ እንደሚጠግብ ያውቃልና። በየማሳው ሰያፍ አድርጎ የሚያወጣው ቦይ፣ ፈሰስ የሚለው፣ የጠገበውን ውሃ ማስወጫ ነው። ይሁንና ሽማግሌው የሚያውቀውና መዝገቡ የሚያውቀው በአንድ ቦታ ይለያያሉ፤ መዝገቡ ደለሉንም መዝኗል። ወንዙ ከሁሉ ይልቅ አፈር የሚሸከመው ውሃው እጅግ በሚሞላበት በነሐሴ አይደለም። ክረምቱ ሲጀምር፣ ማሳው ለጤፍ ታርሶ ራቁቱን በሆነበት በሰኔና በሐምሌ ነው። በነሐሴ ማለቂያ ውሃው ሞልቶ እየተገማሸረ እንኳ ደለሉ ቀንሷል፤ ቡቃያው አፈሩን ይዞታል። አባይ ማደሪያ ሳይኖረው ግንድ ይዞ እንደሚዞር በምሳሌ ይነገራል። ግንዱ ለዓይን የሚታይ ነው፤ አፈሩ ግን ውሃውን መስሎ ስለሚያልፍ ምሳሌ እንኳ አልወጣለትም።

ደብረ ማዊ የተባለችው ቦታ፣ ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው፣ የዚህን ትምህርት ሌላ ወገን ታሳያለች። እዚያ አንድ ቦረቦር ተለካ። በ2005 ስፋቱ 0.65 ሄክታር ነበር፤ በ2007 1 ሄክታር ሞላ፤ በ2008 1.43 ሄክታር ሆነ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ገበሬዎቹ መቼ እንደ ጀመረ ሲጠየቁ ነባሩ ዛፍ የተመነጠረበትን ጊዜ ጠቆሙ። የቦረቦሩ ግድግዳ የሚናደው ከላይ በሚመጣው ጎርፍ ብቻ እንዳልሆነም ታወቀ። ከተራራው ሥር ሥሩን የሚመጣው ውሃ የታችኛውን መሬት አርሶ ከውስጥ ያለሰልሰዋል፤ ግድግዳው የገዛ ክብደቱን መሸከም ያቅተውና ይወድቃል። እዚያው ደብረ ማዊ ላይ በዘመቻ የተቆፈሩት የእርከን ቦዮች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጎርፉንም ደለሉንም ቀነሱ፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግን በደለል ሞሉ።

እዚህ ላይ ስለ ዘመቻ አንድ ነገር ሳይባል ማለፍ አይገባም። ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በየዓመቱ በበጋ ወራት የገጠሩ ሕዝብ በነጻ ጉልበቱ እየወጣ በየተፋሰሱ ሠርቷል። ድካሙ የሚናቅ አይደለም፤ ሴቶችና ወንዶች ድንጋይ በጀርባቸው ተሸክመው ተራራ ወጥተዋል። ነገር ግን ሪፖርቱ የሚቆጥረው የተቆፈረውን ኪሎ ሜትር ነው፤ መዝገቡ የሚቆጥረው የቀረውን አፈር ነው። በኪሎ ሜትር የሚሸለም ሰው በሚቀጥለው ዓመት የሞላውን ቦይ ከመጥረግ ይልቅ አዲስ ቦይ መቆፈርን ይመርጣል። ሁሉም እርከን በተራራው ወገብ ላይ ሲደረደር ደግሞ ውሃ ጠግቦ የሚናደው የታችኛው መሬት የሚያስታውሰው ያጣል። መዝገብ ያለው የዩኒቨርሲቲ ክፍልና ሕዝብ የሚያሰልፈው ጽሕፈት ቤት በአንድ ከተማ እየኖሩ ይህን ለመነጋገር ብዙ ዓመት መፍጀታቸው የሚያሳዝን ነው።

ከቡሬ ተነሥቶ እንጅባራ ሲታለፍ የሚታየው ነገር ደግሞ ሁለቱንም ያስደምማል። በፋግታ ለኮማ ገበሬው ማንም ዘመቻ ሳይጠራበት በደከመው ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ወገን ተከለ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል አከሰለ፤ ከሰሉን ሸጦ ያንኑ መሬት ጤፍ ዘራበት። ተመራማሪዎቹ መለኪያቸውን ይዘው የመጡት ዛፉ ኮረብታውን ካለበሰው በኋላ ነው። ገበሬው እምቢ ያለው ዛፍን ወይም እርከንን አለመሆኑ እዚህ ታየ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ገንዘብ የሚሆን ነገር ሲያገኝ ተራራውን ራሱ አለበሰው።

የበርን ሰዎች ፕሮግራም በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲያበቃ አንጀኒ በክልሉ የግብርና ምርምር እጅ ገባ። በ2011 ደግሞ በአዲስ አበባ የውሃና የመሬት ሀብት ማዕከል ተቋቁሞ የቆዩትን ጣቢያዎች መዛግብት መሰብሰብና ማስቀጠል ጀመረ። በቡሬ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ተከፍቷል፤ ልጆቹ ከግቢው ሲወጡ የሚያገኙት ማሳ መዝገቡ የሚናገርለት ዓይነት ማሳ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። አንድ ዕዳ ግን ሳይከፈል ቆይቷል። ከምንቸት ዳር በሌሊት የተቀዳው ጠርሙስ ቁጥር ሆነ፤ ቁጥሩ ሥዕል ሆነ፤ ሥዕሉ በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሞ ዓለምን ዞረ። ወደ አንጀኒ ግን በአማርኛ የተመለሰው እጅግ ጥቂት ነው። ጠርሙሱን የቀዳው ሰው ልጁ ፊደል ቢቆጥርም፣ አባቱ ሲጽፈው የኖረው ነገር ምን እንዳለ በራሱ ቋንቋ የሚያነብበት መጽሐፍ በመንደሩ አይገኝም።

በዚህ ረገድ ወቀሳው ለሳይንቲስቶች ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በዘመኑ ለሳይንስ ቃላት አማርኛ አቻ ለማበጀት ደክሟል፤ «ተፋሰስ»ን የመሰለ ቃል ዛሬ ገበሬውም በአፉ ይለዋል። ቃል ግን ብቻውን አይሄድም፤ የሚሸከመው ታሪክ ይፈልጋል። መምህሩ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ 42 ቶንን ወደ ሚሊ ሜትር እንዲለውጡ ልጆቹን ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ ሠዓሊው የ1957ን እና የ1995ን ኮረብታ ጎን ለጎን ሊያሳይ ይችል ነበር። አባይ በኪነ ጥበባችን ውስጥ ብዙ ተወቅሷል፤ ብዙም ተወድሷል። ከጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ በኋላ፣ ውዳሴው በርትቷል። ተገቢም ነው። ከምንቸት የሚወርደው አፈር ግን ማደሪያ አገኘ ማለት ነው፤ ማደሪያውም የሚገባው የዚያው ግድብ ሆድ ነው።

መዝገብ ደግሞ ሰላም ይፈልጋል። ዝናብ የሚለካ ሰው በሌሊት ከቤቱ ወጥቶ በሌሊት ሊመለስ ይገባዋል፤ ተማሪው ከባሕር ዳር ተነሥቶ ደምበጫ ሊያድር ይገባዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጎጃም ጦርነት ገብቶባታል። ስሟ በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት የሆነው ፍኖተ ሰላም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብዙ ሰዎቿን በአንድ ቀን ቀብራለች። በዚህ ፊት ስለ ደለል ማውራት ለአንዳንዱ ሰው ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የተኩስ ክረምትና የሰላም ክረምት ለአፈሩ አንድ ናቸው፤ ሰው ሳይለካውም ይሄዳል። ያልተለካ ክረምት ደግሞ ኋላ ተመልሶ አይለካም፤ በመዝገቡ ላይ ባዶ መስመር ሆኖ ይቀራል።

ከወንዝ የተቀዳ ጠርሙስ ሳይነካ ቢያድር ጠዋት ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል። ከላይ ያለው የሚጠጣ የሚመስል ጥሩ ውሃ ነው። ከታች እንደ ጣት ጫፍ የሚወፍር ቀይ ነገር ተኝቷል፤ በጣት ቢነካ ከዱቄት ይልማል። ሠራተኛው ውሃውን ቀስ ብሎ ይደፋል፤ ቀዩን በማጥለያ ወረቀት ላይ ያወጣል፤ ያደርቀዋል፤ በሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያም ቀኑን፣ ሰዓቱንና ክብደቱን ይጽፋል። ከመንደሩ ማሳዎች ከየትኛው እንደ መጣ የሚጻፍበት ዓምድ በመዝገቡ ላይ የለም፤ ከላይ ካሉት አንዱ ግን የእሱ የራሱ ነው።